የደም ግፊት በገጠር፦ ካልተለካ የማይታወቅ ሕመም

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ ከሕሙማኑ 46 በመቶ የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

በቶሮንቶ ኢስት ዮርክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአቅራቢያው ባለ ፋርማሲ ግፊቱን ሊለካ ይችላል፤ በገጠር ያሉ ወላጆቹ ግን ጤና ጣቢያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዙ ይሆናል። ራስ ምታት አለመኖሩ የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል። ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ ይረዳል፤ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ግን ለአደጋ ያጋልጣል።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ስንደውል ከ«ደህና ነዎት?» ቀጥሎ «ግፊትዎን ተለክተዋል? መድኃኒቱስ አላለቀም?» ብለን እንጠይቅ።