የደንገል ታንኳን በእጃችን ስለ ማጠናከር
ለጣና ዳርቻ አጥቢያዎች የቀረበ ትምህርት



በጣና ዳርቻና በደሴቶቹ ከሚገኙ አጥቢያዎች ከሚቀርቡልን የልማት ጥያቄዎች መካከል የሞተር ጀልባ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የአንድ ጀልባ ዋጋ ከአብዛኛው አጥቢያ አቅም በላይ ነው፤ ቢገዛም ነዳጁና ጥገናው ሌላ ወጪ ይዞ ይመጣል። እስከዚያው ድረስ ዓሣ አጥማጁ ምእመን ጎሕ ሳይቀድ በደንገል ታንኳው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ታንኳውንም በቤቱ ባገኘው ዕቃ ለማሻሻል ይሞክራል፤ ባዶ ጀሪካን ያስርበታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ይጠቀጥቅበታል፣ ፕላስቲክ ያነጥፍበታል። ከእነዚህ ማሻሻያዎች አንዳንዱ ነፍስ ያድናል፤ አንዳንዱ ግን ታንኳውን ያጠነከረ እየመሰለ ሰውየውን ለአደጋ ይሰጠዋል።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ታንኳው በተገለበጠ ጊዜ ሰውየው ምን ይይዛል? ማሻሻያው ስንት ዓሣ እንደሚያስጭን፣ ምን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ አስቀድሞ ነው። አጥቢያው ለዓሣ አጥማጆች ገንዘብ ወይም ዕቃ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ይህ ትእዛዝ ይመለከተዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደንገሉ

የደንገል ታንኳ ከጥንት የመጣ ዕቃ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ያለችውን ምድር ሲያነሣ በውኃ ላይ ስለሚሄዱ የደንገል መርከቦች ይናገራል። ታንኳው የሚንሳፈፈው እንደ ብረት ጀልባ ባዶ ሆድ ስላለው አይደለም፤ የደንገሉ ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ውኃ ቢገባበትም ወዲያውኑ አይሰምጥም። ድካሙ ሌላ ነው፤ ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ከሥራ በኋላ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ አቁሞ ማድረቅ የቆየ ልማድ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ምንም ያህል ጀሪካን ቢታሰርበት፣ የማይደርቅ ታንኳ በየቀኑ ከሚችለው ጭነት ጥቂት ጥቂቱን ያጣል።

ፕላስቲክን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ታንኳውን ከውጭ በፕላስቲክ መጠቅለል ውኃውን የሚከለክል ይመስላል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ አንድ ቦታ ሲቀደድ ውኃው ይገባና መውጫ ያጣል። ደንገሉም በፀሐይ ሳይደርቅ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። ፕላስቲክ የሚያስፈልግ ከሆነ በመቀመጫው ላይ ይነጠፍ፤ ማታም ተነሥቶ ለብቻው ይሰጣ።

በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ያላቸው ከጥንት ጀምሮ ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ብዙዎቹ የእኛ አጥቢያ ምእመናን ባይሆኑም፣ ኮሚቴው ስለ ታንኳ ከመወሰኑ በፊት ከእነርሱ ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል። ለምክራቸውም እንደ ማንኛውም ባለሙያ የድካማቸው ዋጋ ይከፈላቸው።

ስለ ጀሪካን

ስሌቱ ቀላል ነው። በሚገባ የተከደነ አንድ ሊትር አየር በውኃ ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የራሱ ክብደት ሲቀነስ 19 ኪሎ ያህል፣ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ደግሞ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ያነሣል። እንግዲህ ሁለት ጀሪካን 38 ኪሎ ያህል ቢያነሣ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት ከውኃ በላይ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ሰው እስከ አንገቱ በውኃ ውስጥ ሲሆን ውኃው ራሱ አብዛኛውን ክብደቱን ይሸከምለታል፤ ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ለማቆየት ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚያህል ድጋፍ ብቻ ይበቃዋል። ስለሆነም እነዚሁ ሁለት ጀሪካኖች ታንኳው ቢበተን እንኳ ሁለት ሰው ይዟቸው እንዲቆይ ያደርጋሉ። የጀሪካን ጥቅሙ ይህ ነው። ጭነት ለመጨመር ሲባል የሚታሰር ጀሪካን ግን ጥቅሙን ያጣል፤ ጭነቱ ድጋፉን አስቀድሞ በልቶታልና።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የሚታሰርበትን ቦታ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ጀሪካኑን ከታንኳው ሥር ያስረዋል፤ ታንኳው ከፍ ሲልለትም ይደሰታል። ከፍ ያለ ታንኳ ግን በቀላሉ ይገለበጣል፤ ሰውየውና ዓሣው ከውኃው ርቀው ወደ ላይ ሲወጡ ትንሽ ማዘንበል ይበቃቸዋል። ጀሪካኖቹ ከግራና ከቀኝ፣ ውኃው የታንኳውን ጎን በሚነካበት መስመር ላይ፣ እኩል ሆነው መታሰር አለባቸው። እንዲህ ሲሆን ታንኳው ወደ አንድ ጎን ባዘነበለ ቁጥር በዚያ በኩል ያለው ጀሪካን ወደ ውኃ ይገባና መልሶ ይገፋዋል። አንድ ጀሪካን ብቻ ካለ በአንድ ጎን ከማሰር ይልቅ በአራት ትንንሽ የዘይት ጀሪካኖች ለውጦ በሁለቱም ጎን ማከፋፈል ይሻላል።

ጀሪካኑን በእጀታው ብቻ ማሰር አያስተማምንም። ያረጀ መረብ እንደ ከረጢት ሰፍቶ ጀሪካኑን በውስጡ ማድረግና ከረጢቱን በሁለት ቦታ ከታንኳው ጋር ማሰር ይቻላል፤ ያረጀውም መረብ በሐይቁ ውስጥ ተጥሎ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ ሲገድል እንዳይኖር ይረዳል። ክዳኑ በማለዳ ቅዝቃዜ ይከደን። በቀትር ፀሐይ የተከደነ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ጎኖቹም ይጎደጉዳሉ፣ በዚህም የመሸከም ኃይሉ ይቀንሳል። ከተከደነ በኋላ በውኃ ውስጥ ተጭኖ ይፈተሽ፤ አረፋ ከወጣ አይረባም። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚገኘውን ነጭ ፎም የሚጠቀሙም አሉ። ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን እየተፈረፈረ በሐይቁ ላይ ስለሚበተን በማዳበሪያ ከረጢት ሳይሰፋ ባይገባ እመርጣለሁ።

ስለ መቀመጫ፣ ስለ መልሕቅና ስለ መረብ

መቀመጫው ዝቅ ያለ ይሁን። ለወገብ ምቾት ተብሎ በርጩማ ማስቀመጥ ከታንኳው በታች ጀሪካን እንደ ማሰር ያለ ጉዳት አለው። መልሕቅ በከረጢት የታሰረ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ገመዱ ግን በታንኳው አፍንጫ በኩል እንጂ በጎኑ አይታሰር። ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ምክንያት የከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ይመጣል፤ በጎኑ የታሰረውን ታንኳ ይሞላዋል። ገመዱ ቢያንስ የውኃውን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ይርዘም፤ በአንድ ስቦሽ የሚፈታ ቋጠሮ ይኑረው። በአጠገቡም በሲባጎ የታሰረ ቢላዋ ይኑር።

መረቡ በእግር ሥር ከሚከመር በሰፊ ሳፋ ውስጥ ቢቀመጥ ሰውየው ቢወድቅ አይጠላለፍበትም። የመረብን ጫፍ ከወገብ ወይም ከእጅ ጋር ማሰር ፈጽሞ መከልከል አለበት። መቅዘፊያውም በገመድ ከታንኳው ጋር ይያያዝ። እምቦጭ በበዛበት ዳርቻ ከጎን የተንጠለጠለ ትርፍ ገመድ ሁሉ በአረሙ ስለሚያዝ ወደ ውስጥ ይግባ።

ስለ መኪና ጎማ ከመነዳሪ

ወጣቶቻችን የከባድ መኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍተው በመካከሉ መቀመጫ ሰፍተው ዓሣ ማጥመድ ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ‘ፍሎት ቲዩብ’ የሚባለው መሣሪያ መነሻው ይኸው ነው፤ በከመነዳሪው መካከል የሸራ መቀመጫ ይሰፋል፣ ሰውየው እግሮቹን ውኃ ውስጥ አድርጎ በእግር መቅዘፊያ እየገፋ ይሄዳል። በዚያ ያሉ አጥማጆችም በቤታቸው ብዙ ይጨምሩበታል፤ የመንጠቆ ማስቀመጫ፣ የጀርባ መደገፊያ፣ የዕቃ ኪስ። ከእነርሱ የምንማረው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ከመነዳሪ አንድ የአየር ክፍል ብቻ አለው፤ አንድ መንጠቆ ከወጋው ሁሉም ነገር ያልቃል። ስለዚህ በመደገፊያው ውስጥ ለብቻው የተነፋ ሁለተኛ የአየር ክፍል ያደርጉለታል። የአየር መሙያው ብረት ጎንን እንዳይወጋ ይሸፍኑታል። ከመነዳሪውን በፀሐይ ላይ ጢም አድርገው አይነፉም፤ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ይመለከቱታል። በሚፈስስ ወንዝም አይጠቀሙበትም፤ እግር በሥር ወይም በድንጋይ ሲያዝ የውኃው ግፊት ሰውን ይደፋዋልና።

ይህን ሁሉ ብናሟላ እንኳ ለጣና አልመክረውም። በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዚያ አለ፤ እግርን ሙሉ ቀን በውኃ ውስጥ ማድረግ ለበሽታው በር መክፈት ነው። ጉማሬም አለ። አዞ በሞላባቸው በአባያና በጫሞ ሐይቆች ደግሞ ጉዳዩ ለውይይት የሚቀርብ አይደለም። ከመነዳሪ ያለው ወጣት ቆርጦ ለመንጠቆ መሸፈኛና ለማሰሪያ ቢያደርገው ይጠቅመዋል።

ስለ መንሳፈፊያ ሰደርያ

ኮሚቴው ገንዘብ ካለው ከታንኳው፣ ከመረቡና ከማንኛውም ነገር በፊት የተፈተሸ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይግዛ። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ በቤት የሚሠራው ከምንም ይሻላል። ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ያህል ያነሣል፤ 14 ጠርሙሶች 7 ኪሎ ይሆናሉ። ከእነዚህ 10ሩ በደረት በኩል፣ 4ቱ በጀርባ በኩል በጠንካራ ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይሰፉ። በጀርባ ከበዙ ሰውየውን በፊቱ ይደፉታል። በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ካልተደረገለት ሰደርያው ብቻውን ወደ ላይ ወጥቶ ሰውየው ከሥር ይቀራል። ጠርሙሶቹ ስለሚደክሙ በየጊዜው እየተጨመቁ ይፈተሹ።

አንድ የሥራ ቀን ተወስኖ ሁሉም በአደባባይ ይሞከር። ከሣርና ከደንገል የራቀ፣ ውኃው ከወገብ የማይበልጥ ዳርቻ ይመረጥ፤ ታንኳው ዓሣውንና መረቡን በሚያህል በአሸዋ የተሞላ ከረጢት ተጭኖ ይገልበጥ። ዋና የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በአጠገቡ ይቁሙ። ከተገለበጠ በኋላ ጀሪካኖቹ በቦታቸው ካልቆዩ ወይም አጥማጁ ሊይዛቸው ካልቻለ አሠራሩ ይታረም። አባቶች ታንኳውን በጸሎት የሚባርኩት ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ዓሣው

የተጠናከረ ታንኳ ርቆ ይሄዳል፣ ብዙ መረብም ይይዛል። ይህ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1986 በግብርና ሚኒስቴር፣ በቤተ ክርስቲያናችንና በኔዘርላንድ አጋሮች ትብብር በተጀመረው ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ አገኘበት። ነገር ግን በሐይቁ ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክምችት በቀጣዮቹ 1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዋናው ምክንያት ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደመሳሰሉ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ በመረብ መያዛቸው ነው። ቀረሶና አምባዛ እንዲህ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ስለማይወጡ ጉዳታቸው ያን ያህል አልሆነም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ በአጥቢያው ያለውን አፈጻጸም ከወረዳው የዓሣ ባለሙያ ጠይቆ መረዳት የኮሚቴው ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት አጥቢያው ታንኳ የሚያጠናክርለት አጥማጅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ አስቀድሞ ሊስማማ ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣውም፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ግን ሁላችን እናውቃለን፤ ታንኳውና ሰደርያው ከዚያ በፊት ቢዘጋጁ ይጠቅማል።

ስለ አጠባበቁ አንድ ነገር ይቀራል። ሰደርያዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸው እንዳይቀመጡ። አጥማጁ የሚወጣው ቄሰ ገበዙ ከመክፈታቸው በፊት ነው፤ ቁልፍ ፍለጋ ከመዞር ይልቅ ያለ ሰደርያ ይሄዳል። በየአጥማጁ ቤት ይሁኑ፤ በስማቸው ይመዝገቡ፤ በየሦስት ወሩም ኮሚቴው ወደ ዳርቻው ወርዶ ይቁጠራቸው።