የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ስለ ጥናት ጽሑፍ አጻጻፍና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት



የመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀርብበት ወራት ሲቃረብ በየመኝታ ቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጽሑፍህን ጨረስህ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የቆየ ሲሆን መልሱ ግን ዛሬ ተለውጧል። «ትናንት ማታ በሃያ ደቂቃ ጨረስሁ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እንዴት ቢሉት ስልኩን ያሳያል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስልኩን ለመርገም አልተነሣንም፤ ተረግሞ የሚቀር ነገር አይደለምና። ዓላማችን ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ የጥናት ጽሑፍ ለሚማር ተማሪ የት ላይ እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያሰናክል መመርመር ነው።

1ኛ፤ መሣሪያው ምን ያውቃል?

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። የሁሉም አሠራር በመሠረቱ አንድ ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመትን ተምረዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ መሣሪያው የሚፈልገው ሊመጣ የሚችለውን ቃል ነው እንጂ እውነተኛውን ቃል አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ይለያያሉ። ሲለያዩም መሣሪያው አያመነታም፤ እውነቱን በተናገረበት ልበ ሙሉነት ሐሰቱንም ይናገራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ነገር በኒውዮርክ ተፈጽሟል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አንድ የፌዴራል ዳኛ ሁለት ጠበቆችንና የሕግ ቢሯቸውን 5,000 ዶላር ቀጣ። ጥፋታቸውም ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ከቶ ያልተሰጡ ስድስት ፍርዶችን መጥቀሳቸው ነበር። ፍርዶቹን ከነስማቸውና ከነቁጥራቸው የፈጠረላቸው ቻትጂፒቲ ነው። የሚያስገርመው ግን ከጠበቆቹ አንዱ ተጠራጥሮ «ይህ ፍርድ እውነተኛ ነውን?» ብሎ የጠየቀው ያንኑ መሣሪያ መሆኑ ነው። መሣሪያውም «አዎን» አለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ጠርጥሮ ሳለ የሐሰተኛውን ምስክር ሐሰተኛውን ራሱን ስለ ጠየቀ ተመነጠረ።

የአገራችንን ጉዳይ ለሚያጠና ተማሪ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ መሰናክሎች አሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የዐድዋ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር በ1888፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 እንደ ሆነ ማንም ያውቃል፤ እምብዛም ያልታወቀ ጉዳይ ሲሆን ግን መሣሪያው የእኛን ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ነገሩን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ባሕሩ ዘውዴን በ«ባሕሩ» ሥር ይመዘግቧቸዋል፤ መሣሪያው ግን የፈረንጅን ልማድ ተከትሎ የአባትን ስም አስቀድሞ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ተማሪውም ሳያስተውል ገልብጦ ያቀርባል።

2ኛ፤ መርማሪው መሣሪያ ያምናልን?

«መምህራን በመሣሪያ የተጻፈውን የሚለይ መርማሪ መሣሪያ አላቸው» ሲባል ይሰማል። አለ፤ ነገር ግን እርሱም ተመርማሪ ነው። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በጥር 2015 ዓ.ም. መርማሪ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። በራሱ በኩባንያው ሙከራ በመሣሪያ ከተጻፈው ውስጥ ለይቶ ያወጣው ከመቶ 26 ብቻ ሲሆን ከሰው ጽሑፍ ደግሞ ከመቶ 9ኙን ያለ ጥፋቱ ወንጅሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ከአገልግሎት ወጣ።

እኛን ይበልጥ የሚነካው ግን የስታንፎርድ ዩኒቬርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መርማሪ መሣሪያዎች አቀረቡ። መሣሪያዎቹም በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን «በመሣሪያ የተጻፈ» ብለው ፈረዱባቸው። ምክንያቱ ምንድን ነው? በተማረው እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላትና የተለመደ የዐረፍተ ነገር አሠራር ደጋግሞ ይጠቀማል፤ መርማሪውም የሚያድነው ይህንኑ ለመገመት የማያስቸግረውን አጻጻፍ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ ያደገው ጓደኛችን መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ያለ ጥፋቱ ለመወንጀልም ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው እርሱ ነው። መምህራኖቻችን በመርማሪ መሣሪያ ቃል ብቻ እንዳይፈርዱ እንለምናቸዋለን። ራሳችንም ጽሑፉ የእኛ መሆኑን የምናስረዳበት ማስረጃ በእጃችን ሊኖር ይገባል።

3ኛ፤ ከቅኔ ቤት የምንማረው ሥርዓት

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ የራሱን ቅኔ ብቻውን ሆኖ ይቈጥራል። ቀጥሎ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቃሉ የዘመመበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን ያርሙለታል። ቈጠራው ሳይኖር ነገራ የለም። ለእኛም የሚበጀን ይህ ቅደም ተከተል ነው፤ ቈጠራው የእኛ ይሁን፤ መሣሪያውም በዕርማት ጊዜ ብቻ ይቅረብ።

ለምሳሌ አንድ የታሪክ ተማሪ ስለ «መሬት ላራሹ» ሊጽፍ ተነሣ እንበል። ተማሪዎች በዚህ መፈክር የተሰለፉት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው ደግሞ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

ሀ) ጥያቄውን ራሱ ያውጣ። «ስለ መሬት ላራሹ ጻፍልኝ» ብሎ ቢያዝ የሚያገኘው ማንም የሚያገኘውን ነው። ሁለቱን ዘመናት ጎን ለጎን አድርጎ ሲመለከት ግን «በዚህ ዐሥር ዓመት ውስጥ በተማሪዎች ጽሑፍ የመሬቱ ጥያቄ እንዴት ተለወጠ?» የሚል የራሱ ጥያቄ ይወለድለታል። የመጀመሪያውን ረቂቅ በሚያስብበት ቋንቋ በእጁ ይጻፈው። ቋንቋው ቢሰባበርም ግድ የለም።

ለ) ረቂቁን ለመሣሪያው ሲያቀርብ «አሻሽለህ ጻፈው» አይበል። ይልቁንም «አንድም ዐረፍተ ነገር አትጻፍልኝ፤ ክርክሬ የላላበትን አመልክት፤ ተቃዋሚዬም ሆነህ ጠይቀኝ» ይበለው። ያን ጊዜ መሣሪያው «ሰልፉ አዋጁን አመጣ ብለሃል፤ መቅደም ምክንያት መሆን ነውን?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። መልሱን መፈለግ የተማሪው ፋንታ ነው።

ሐ) ለሰዋስው ሲጠቀም ዕርማቱን ብቻ ሳይሆን ሕጉን ይጠይቅ። በአማርኛ «ገበሬው» ስንል ከስሙ መጨረሻ የተለጠፈችው «ው» የምትሠራውን ሥራ በእንግሊዝኛ «ዘ» ከስሙ በፊት ቆሞ ይሠራል። ስለዚህ ደጋግመን እንረሳዋለን። ሕጉን የተረዳ ሰው የሚቀጥለውን ገጽ ያለ መሣሪያ ያርማል፤ ዕርማቱን ብቻ የገለበጠ ግን ለሁልጊዜ ተመጽዋች ሆኖ ይቀራል።

መ) በዓይኑ ያላየውን መጽሐፍ በዋቢነት አይጥቀስ። መሣሪያው የመጽሐፍ ስም ቢሰጠው በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም በሌላ መዝገብ ይፈልገው፤ ገጹንም ገልጦ ያንብብ። ካላገኘው ይሰርዘው።

ሠ) ረቂቆቹን ሁሉ ከነቀናቸው ያስቀምጥ። መሣሪያውንም የት ላይ እንደ ተጠቀመበት በመግቢያው በግልጥ ይናገር። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት በጥር 2015 ዓ.ም. መሣሪያው ደራሲ ሊባል እንደማይችልና የተጠቀመበትም ተመራማሪ መጠቀሙን ማስታወቅ እንዳለበት ደንግጓል፤ ለጻፈው ነገር ኀላፊነት ሊወስድ አይችልምና።

ይህን የሚጽፈው ተማሪ ምክሩን ያገኘው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ የጥናቱን መግቢያ መሣሪያው አሳምሮ እንዲጽፍለት አድርጎ ለአማካሪ መምህሩ አቀረበ። መምህሩም አልተቈጡም። እጅግ ያማረውን አንድ ዐረፍተ ነገር በጣታቸው አመልክተው «ይህ ምን ማለትህ ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁት። የጽሑፉ ጌታ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ገጽ ከመስጠቱ በፊት በየመስመሩ ላይ ያንኑ ጥያቄ ራሱን ይጠይቃል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ወደፊት በየመሥሪያ ቤቱና በየፍርድ ቤቱ፣ በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ «ይህ ምን ማለትህ ነው?» የሚል ሰው ያጋጥመናል። ያን ጊዜ ስልክ አውጥቶ መመለስ አይቻልም። ጽሑፍ መማራችን ለዚያ ቀን ነው። መሣሪያውን እንጠይቀው፤ ያርመን፤ ይሟገተን። ሐሳቡ ግን የገዛ ራሳችን ይሁን፤ የሰው ወርቅ አያደምቅምና።