የዕቃ ማድረሻ ብስክሌትዎን ባለ ማርሽ ሲያደርጉ፦ ጥገና ነው ወይስ ማሻሻያ?

የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ብስክሌት ምን አገባው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን እንደ ሲያትል ባለ ዳገታማ ከተማ ሱቅ ከፍተው እንጀራና በርበሬ በብስክሌት ለደንበኛ የሚያደርሱ ከሆነ፣ ብስክሌቷ እንደ ታክሲ መኪና ሁሉ የንግድ ንብረት ናት። ዛሬ የምንመለከተው ባለ አንድ ፍጥነት ብስክሌትን፣ ማርሹ በኋላ ጎማው መሃል ወደተደበቀበት ዓይነት ስለ መለወጥና ወጪው ስለሚመዘገብበት መንገድ ነው።

ለምን በጎማው መሃል?

«ሀብ» በሚባለው የጎማው መሃል ውስጥ የተቀመጡት ማርሾች ተከድነው ስለሚሠሩ ዝናብና በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በቀላሉ አያገኛቸውም። ቀይ መብራት ላይ ቆመውም ማርሽ መቀየር ይቻላል። በ1902 በእንግሊዝ አገር፣ በኖቲንግሃም የተመሠረተው ስተርሚ አርቸር ታዋቂውን ባለ 3 ማርሽ «ኤ ደብልዩ» በ1936 አወጣ። ድርጅቱ በ2000 ለታይዋኑ ሳንሬስ ተሸጦ ዕቃው በዚያው ስም መመረቱን ቀጥሏል።

ሒሳቡ እነሆ

በ«ኤ ደብልዩ» መካከለኛው ማርሽ እንደ ድሮው ነው፤ ዝቅተኛው በ25 በመቶ ይቀንሳል፣ ከፍተኛው በ33 በመቶ ይጨምራል። ብስክሌትዎ ከፊት 46፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢኖራት፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው 2.56 ጊዜ ይዞራል። የኋላውን ወደ 22 ጥርስ ቢለውጡ ግን ሦስቱ ማርሾች 1.57፣ 2.09 እና 2.79 ይሆናሉ። ይህ ማለት በሜዳ ላይ የድሮው ፍጥነት አይጎድልብዎትም፤ ዳገቱ ግን ከጭነት ጋር ይቀልላል።

ከመግዛትዎ በፊት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አስቀድመው እነዚህን ያረጋግጡ፦

1. የኋላ ጎማው የሚገባበትን ክፍተት በሚሊሜትር ይለኩ። በባለ አንድ ፍጥነት ብስክሌት ብዙውን ጊዜ 110 ወይም 120 ነው፤ ከ7 ማርሽ በላይ ያላቸው ብዙዎቹ ወደ 130 ይጠጋሉ።

2. የድሮውን ቸርኬ የሚያስቀሩ ከሆነ የራጂ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ቸርኬው 36 ከሆነ ሀቡም 36 መሆን አለበት።

3. ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የምትቆም ብስክሌት ከሆነች፣ ፍሬኑ ያለው በሚጣለው ሀብ ውስጥ ነው። ፍሬን ያለው ሀብ ይግዙ፤ አለዚያ ሌላ ፍሬን ያስገጥሙ።

4. ዘንጉ እንዳይሽከረከር የሚይዙት ልዩ ዋሸሮች ከዳዶው ጋር መግባታቸውን ይመልከቱ።

5. የማርሽ ሽቦው በትክክል ይስተካከል። በ«ኤ ደብልዩ» ሽቦው ከላላ ወይም ከተወጠረ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ መካከል ፔዳሉ ባዶውን ሊዞር ይችላል። ሠራተኛዎ ቆሞ እየረገጠ ሳለ ይህ ቢደርስበት ይወድቃል።

ወጪው የት ይጻፍ?

ያለቀ ካቴና ወይም የተቀደደ ጎማ በመሰሉ መተካት ጥገና ነው፤ በዚያው ዓመት ይቀነሳል። ማርሽ መጨመር ግን አቅሟን የሚያሳድግ ማሻሻያ ስለሆነ በደንቡ እንደ ንብረት ይመዘገብና በእርጅና ቅናሽ ይሄዳል።

እፎይታም አለ። በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ፣ ኦዲተር የመረመረው የሒሳብ መግለጫ የሌለው ነጋዴ በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ ደረሰኝ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስን ወጪ በዚያው ዓመት መቀነስ ይችላል። ሦስት ነገር ግን ይጠየቃል፦ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲህ የመመዝገብ ደንብ መኖር፣ በመዝገብዎም በወጪነት መጻፉ፣ ምርጫውን የሚገልጽ ማስታወሻ በየዓመቱ በጊዜው ከሚቀርበው የታክስ ቅጽ ጋር መያያዙ። የእጅ ዋጋው በዚያው ደረሰኝ ካለ አብሮ ይቆጠራል። ልጅዎ ቅዳሜና እሁድ የሚነዳት ከሆነም የንግዱን ድርሻ ብቻ ይቀንሱ።

ባለ ታክሲዎችም ልብ ይበሉ። ሞተር ሙሉ በሙሉ መለወጥ ከዘይት መቀየር ጋር አንድ አይደለም፤ ከመጠኑ ካለፈ እንደ ንብረት ይመዘገባል። በማይል ተመን የሚያሰሉ ከሆነ ደግሞ ዘይትም ጎማም ጥገናም በተመኑ ውስጥ ስላሉ ለብቻቸው አይቀነሱም። ያ ተመን ለብስክሌት አይሠራም፤ ለእርሷ ደረሰኝ ብቻ ነው የሚናገረው።

ስለዚህ ሠሪው «ብስክሌት ተሠራ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍልዎ፤ ቀኑን፣ የዕቃውን ስምና ዋጋውን ያስጽፉ። ያንን ወረቀት በፋይል ያኑሩ። መርማሪ በመጣ ቀን ስለ እርስዎ የሚመሰክረው እርሱ ነው። መልካም ሥራ።