ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? አንድ ፒክአፕ በፊዚክስ ክፍል

በዚህ ዓመት የወላጆች ስብሰባ ካለቀ በኋላ፣ የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን አባት ወደ መምህራን ክፍል ጎራ አሉ። ሥራቸው ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ ሸቀጥ ማመላለስ ነው። እስከዚያን ጊዜ በኪራይ መኪና ሲሠሩ ቆይተው ዕቁባቸው ወጣላቸውና ከቁጠባቸው ጋር ደምረው የራሳቸውን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሊገዙ አስበዋል። የሦስት ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚሁ መኪና የሚወጣ ነው። ሁለት ያገለገሉ መኪናዎች ቀርበውላቸዋል፤ አንዱ የናፍጣ፣ ሌላው የቤንዚን። የናፍጣው በ400,000 ሽልንግ ይበልጣል። «መምህር፣ እርስዎ ፊዚክስ ነው የሚያስተምሩት፤ የትኛውን ልግዛ?» አሉኝ።

ወዲያው መልስ ለመስጠት አፍሬ፣ ወይም ደፍሬ መልስ እንዳላሳስታቸው ፈርቼ፣ «ሁለት ሳምንት ይስጡኝ፤ ክፍል ውስጥ እንሥራው» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ተማሪዎቹ የሠሩት ሥራ ነው። ለወላጆችም ይጠቅማል በሚል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያደናገረን እሱ ነበርና። «ቤንዚን» እና «ናፍጣ» የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው፤ የካንዴላና የማርሽ ዘመዶች። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ጋዝ ልቀዳ» ሲሉ ቤንዚን ማለታቸው ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ግን «ነጭ ጋዝ» ሲባል የሚታየው የኩራዝና የምድጃው ላምባ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ በስልክ የመጣ ምክር ሁሉ ቃል በቃል አይወሰድም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ሁለቱም ሞተሮች አየር ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱን ያስወጣሉ። ልዩነቱ ነዳጁን በምን እንደሚለኩሱት ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ያምቅና በካንዴላ ብልጭታ ይለኩሰዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን አጥብቆ ያምቀዋል፤ የታመቀ አየር ይግላል፤ በመጨረሻ ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ልጅ የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ሩዶልፍ ዲዝል የሚሠራ ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስበርግ ከተማ ያሳየው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ምን ያህል ይግላል? ይህን በክፍል አሰላነው። የናፍጣው መኪና ሞተር ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ነው። የእመቃ ምጥጥኑ 22 ገደማ ነው፤ ማለትም 22 እጅ የነበረውን አየር አንድ እጅ ያደርገዋል። አየሩ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ (በ300 ኬልቪን) ገባ ብንል፣ ሙቀት ምንም ሳይባክን ቢታመቅ 300 በ22 የ0.4 ርቢ ይባዛል። ውጤቱ 1,033 ኬልቪን፣ ወይም 760 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በእውነተኛው ሞተር ከፊሉ ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ስለሚሄድ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ናፍጣን ለማቀጣጠል ከበቂ በላይ ነው። የቤንዚኑ ሞተር ምጥጥን ግን 10 ገደማ ነው። ከዚያ ብዙ ከፍ ቢል ቤንዚኑ ብልጭታውን ሳይጠብቅ እየተቀጣጠለ ሞተሩን ያንኳኳል። የናፍጣ ሞተር ብረቱ ወፍራም፣ ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋውም ውድ የሆነው ያንን ሁሉ ግፊት መቻል ስላለበት ነው።

የቤንዚኑ መኪና ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይነገራል። የዚህ ዓይነቱ ላንድክሩዘር የተሠራበት 30ኛ ዓመት ሲከበር፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጃፓን ገበያ ለአጭር ጊዜ መልሶ ሸጦት ነበር። ሞተሩ 4.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን ብቻ። መሪው በቀኝ ስለሆነ ለኬንያ መንገድ ይመቻል።

የሁለቱን ሞተሮች ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስንጽፍ ክፍሉ ተንጫጫ። ናፍጣው 96 ኪሎዋት ገደማ፣ ቶርኩ (የመጠምዘዝ ኃይሉ) 285 ኒውተን ሜትር። ቤንዚኑ 170 ኪሎዋት፣ ቶርኩ 360 ኒውተን ሜትር። «ታዲያ ናፍጣ ጉልበታም ነው የሚባለው ምኑ ነው?» አለች የሰውዬው ልጅ። እኔም ብሆን ሠንጠረዡን እስካይ ድረስ ናፍጣው በቶርክ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

መልሱ ያለው ቶርኩ የሚገኝበት ፍጥነት ላይ ነው። ናፍጣው 285ቱን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 2,200 ጊዜ ሲዞር ነው። ቤንዚኑ ሙሉ ቶርኩን ለመስጠት 3,800 ገደማ መዞር ይፈልጋል። ጭነት የተሸከመ ፒክአፕ ዳገት ሲይዝ የናፍጣው ሾፌር ማርሽ ሳይቀያይር፣ ሞተሩን ሳያስጮህ ቀስ ብሎ ይወጣል። የቤንዚኑ ሾፌር ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሞተሩን ያስጮኻል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዳገቱ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት መኪናዎች መካከል «ናፍጣ ጉልበታም ነው» የሚለው የጋራዥ ወሬ ከፊል እውነት ብቻ ነው። ቱርቦ ያላቸው አዳዲስ ናፍጣዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለው ባለ 2.8 ሊትር ሃይለክስ አውቶማቲኩ 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ከሁለቱም ትልልቅ ሞተሮች ይበልጣል ማለት ነው።

ቱርቦ ካነሳን አየሩንም እናንሳ። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሞምባሳ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ በዚያው መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዝቅተኛ ቦታ ቁጥር ነው። በተጨማሪ፣ የድሮ ናፍጣ ፓምፑ ለከፍታ ካልተስተካከለ አየሩ ሲያንስ ነዳጁን ያንኑ ያህል መርጨቱን ይቀጥላል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

እስካሁን ያለው ለእውቀት ነው። አባትየውን ያሳሰባቸው ግን ገንዘቡ ነበር፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የወሰድነው በሒሳቡ ላይ ነው። ሾፌሮችን ስንጠይቅ የሚነግሩን ፍጆታ ከሰው ሰው ስለተለያየ ትክክለኛውን አለካክ ለተማሪዎቹ አስተማርኩ። ሳልባትዮውን አፉ ድረስ ሙላ፣ የኪሎሜትሩን ቁጥር ጻፍ፣ በተለመደው ሥራህ ንዳ፣ እንደገና አፉ ድረስ ሙላና ስንት ሊትር እንደገባ ተመልከት። የዳሽቦርዱ መርፌ አይታመንም። ለስሌታችን ናፍጣው በ100 ኪሎሜትር 13 ሊትር፣ ቤንዚኑ 17 ሊትር ይፈጃሉ ብለን ያዝን። የጫኑትና የሚነዱበት መንገድ ይለውጠዋልና ወላጆች የራሳቸውን ለክተው ይተኩበት።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፊሉ ከነዳጁ ራሱ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ኃይል ሲይዝ አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ገደማ ይይዛል። የቀረው ከእመቃው ምጥጥን፣ እንዲሁም የናፍጣ ሞተር አየር የሚስበው በግማሽ በተዘጋ በር ስላልሆነ ነው።

ከናይሮቢ ሞያሌ 780 ኪሎሜትር ያህል ነው። ናፍጣው ለአንድ ጉዞ 101 ሊትር፣ ቤንዚኑ 133 ሊትር ይፈልጋል። የዚህ ፒክአፕ ሳልባትዮ 130 ሊትር ይይዛል። ናፍጣው አንዴ ተሞልቶ ሞያሌ ይደርሳል፤ ቤንዚኑ ደፉ ላይ ሲደርስ ያልቅበታል፤ ማርሳቢት ላይ ወይም ከዚያ በፊት መቅዳት ግድ ነው። ይህን የተናገረው ከኋላ ወንበር ጥግ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ተማሪ ነው፤ ሌሎቹ ገና በሽልንግ ሲከራከሩ።

በሽልንግ ደግሞ እንዲህ ይመጣል። በኬንያ የነዳጅ ዋጋ በየወሩ ስለሚቀየር ለስሌቱ ብቻ ሁለቱንም ሊትሩ 180 ሽልንግ ነው እንበል። በ100 ኪሎሜትር 4 ሊትር ማትረፍ 720 ሽልንግ ነው፤ በአንድ ኪሎሜትር 7.20። ነገር ግን የናፍጣው ሞተር ዘይቱና ፊልትሮው ይበዛል። በየ5,000 ኪሎሜትሩ 6,000 ሽልንግ ተጨማሪ ወጪ ብናስብ በኪሎሜትር 1.20 ይሆናል። የተጣራው ትርፍ 6 ሽልንግ ነው። 400,000ን ለ6 ስናካፍል 66,667 ኪሎሜትር ይመጣል። የናፍጣው ትርፍ ዋጋ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አባትየው በወር ሁለት ጊዜ ሞያሌ ደርሰው ይመለሳሉ፤ 3,120 ኪሎሜትር ነው። ገንዘባቸው በ21 ወር ገደማ ይመለሳል። በከተማ ውስጥ በወር 1,000 ኪሎሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን 67 ወር ይፈጃል፤ ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ለዚያ ሰው ቤንዚኑ ያዋጣዋል፤ ናፍጣ የሚገዛው ለስሙ ካልሆነ በቀር።

ከሒሳቡ ውጭ የቀሩ ነገሮች አሉ። የዋን ኤች ዜድ የታይሚንግ ቀበቶ ከ100,000 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተኑን ይመታሉ፤ ጥገናው ዋጋው ከባድ ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ ደረሰኙን ይጠይቁ። የቤንዚኑ ሞተር በቀበቶ ፋንታ ሰንሰለት ነው ያለው። የናፍጣው ሞተር መታየት ያለበት ጠዋት ቀዝቅዞ እንዳደረ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሞተሩን አጥፍተው በሌላ ቀን ይመለሱ፤ ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው።

የናፍጣ ትልቅ ጠላት ውኃና ቆሻሻ ነው። የድሮው ሜካኒካል ፓምፕ ትንሽ ይታገሣል፤ አዲሶቹ ኢንጀክተሮች ግን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ ጠብታ ውኃ ይጎዳቸዋል። ኬንያና ጎረቤቶቿ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የናፍጣን ሰልፈር ወደ 50 ፒፒኤም ማውረዳቸው ለእነዚህ አዳዲስ ሞተሮች ረድቷል። ከበርሜል በጄሪካን የተቀዳ ናፍጣ ግን ምንም ዋስትና የለውም። ደግሞ ናፍጣ መኪና ውስጥ በስህተት ቤንዚን ከተቀዳ ቁልፉን እንኳን አይንኩ። ናፍጣ ለፓምፑ ማለስለሻውም ጭምር ነው፤ ቤንዚን ግን ያደርቀዋል። የእኔ የአክስት ልጅ «ትንሽ ነው፣ ይቀላቀላል» ብሎ አስነስቶ ፓምፑን ሙሉ ለሙሉ ቀየረ።

የመጨረሻው ክርክር ስለ ጭስ ነበር፤ ክፍሉም ለሁለት የተከፈለው በዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ቤንዚን 2.3። በ100 ኪሎሜትር ናፍጣው 35 ኪሎ፣ ቤንዚኑ 39 ኪሎ ያመጣል። በዚህ ናፍጣው ይሻላል። በጥቀርሻና በናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን የድሮ ናፍጣ በጣም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ውስጥ መድቦታል። ሰው በማይበዛበት የማርሳቢት በረሃ የሚሄድ መኪናና ልጆች በሚሰለፉበት በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆም መኪና እኩል አይታዩም። በእኔ አስተያየት ለከተማ ቤንዚን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው፤ ከሽልንጉም በላይ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ የስሌቱን ወረቀት ለአባቷ ይዛላቸው ሄደች። እሳቸውም ናፍጣውን ጠዋት ሳይሞቅ አስነስተው አዩት፤ የቀበቶውን ደረሰኝ ጠየቁ፤ አልተገኘም። ሻጩን 60,000 ሽልንግ አስቀንሰው ገዙና ቀበቶውን ራሳቸው አስቀየሩ። ይህ ቅናሽ በሰሌዳችን ላይ አልነበረም። የቀበቶውን ዋጋ ከ60,000ው ላይ ቀንሳችሁ፣ ገንዘባቸው አሁን በስንት ወር እንደሚመለስ ማስላት ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የክረምት ሥራ ሆኖ ተሰጥቷል። የቀበቶውን ዋጋ ከሦስት ጋራዦች ጠይቃችሁ አምጡ። አባትየው ደግሞ ጠዋት ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ሞተሩን ከበሩ ራቅ ብለው እያጠፉ ነው።