ለቆየ ተሽከርካሪ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አመራረጥ፦ ቀለም ወይስ መስፈርት?

በአገራችን መንገዶች ላይ ከሚታዩት አነስተኛ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በውጭ አገር አገልግለው የገቡ ናቸው። የአጠቃቀም መመሪያቸው አብሮ ባለመምጣቱ ወይም በጃፓንኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ የካምቢዮ ዘይት የሚመረጠው በቀለሙ ወይም «አዲሱ ይሻላል» በሚል ግምት ሲሆን ይስተዋላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱ መመዘኛዎች ለምን እንደሚያሳስቱ ያብራራል፤ በምትካቸውም የአመራረጥ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

ሰበቃ እንደ መለያ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አራት ተግባራት አሉት፦ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ግፊት ያስተላልፋል፣ በፍሪሲዮን ሸራዎች መካከል የሚፈጠረውንም ሰበቃ ይወስናል። አንዱን ዘይት ከሌላው በዋናነት የሚለየው አራተኛው ነው። ማርሽ ሲቀየር ሸራዎቹ ለቅጽበት ተንሸራተው ይያያዛሉ። ፎርድ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው ታይፕ ኤፍ ሰበቃ የሚያለዝብ ቅመም ስላልተጨመረበት ሸራዎቹን ፈጥኖ ያያይዛል። የጄኔራል ሞተርስ ዴክስሮን ግን የመንሸራተቱ ፍጥነት ሲቀንስ ሰበቃው አብሮ እንዲቀንስ የተቀመመ በመሆኑ አያያዙ ለዘብ ያለ ነው። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ፣ በአንዱ ካምቢዮ ማርሹ እየተንገጫገጨ ይገባል፤ በሌላው ሸራው ከሚገባው በላይ ተንሸራትቶ ይቃጠላል። ሁለቱም ግን ቀይ ናቸው። ቀለሙ ፍሳሽን ለመለየት የሚጨመር ማቅለሚያ እንጂ የዘይቱን ጠባይ የሚናገር ምልክት አይደለም።

«አዲሱ ይሻላል» የሚለው ግምት

የቶዮታ ደብሊው ኤስ ዘይት ከቀደመው ታይፕ ቲ-4 ይልቅ ቀጭን ነው። ለቲ-4 በተሠራና ውስጣዊ ክፍተቶቹ በእርጅና በሰፉ ካምቢዮ ውስጥ ቢገባ ግፊት ሊያንስ ይችላል። በአንጻሩ ጄኔራል ሞተርስ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ዴክስሮን 6 ለቀደሙት ዴክስሮኖች ምትክ አድርጎታል። እንግዲህ ተተኪነት በአምራቹ ውሳኔ የሚጸድቅ እንጂ ከአዲስነት ብቻ የሚገኝ አይደለም። የካምቢዮው ዓይነትም መታወቅ አለበት። ለምሳሌ ቶዮታ ቪትዝ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክም ባለ ሲቪቲም ሆኖ ተሠርቷል። ሲቪቲ ኃይል የሚያስተላልፈው የብረት ቀበቶ ፑሊዎቹን በሰበቃ ሲይዝ በመሆኑ የራሱን ዘይት ይሻል።

ስሕተት በአንድ ቅያሪ አይታረምም

ዘይት ሲፈስስ ከፊሉ በቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። በአንድ ቅያሪ 40 በመቶው ይወጣል ብለን ብናሰላ፣ ከመጀመሪያው ቅያሪ በኋላ 60፣ ከሁለተኛው በኋላ 36፣ ከሦስተኛው በኋላ 22 በመቶ ያህል የቀድሞው ዘይት ይቀራል። ስለዚህ ተሳስቶ የገባ ዘይት ከትክክለኛው ጋር ተደባልቆ ለረጅም ጊዜ ይሠራል።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

1. በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ጠርዝ ካለው ሰሌዳ የሞዴሉንና የካምቢዮውን መለያ ማንበብ፤
2. የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው፣ በላዩ የተቀረጸውን የዘይት ስም ማረጋገጥ፤
3. በዘይቱ ዕቃ ላይ ያንኑ መስፈርት መፈለግ። የዴክስሮን 3 ፈቃድ በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስላበቃ፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጥ ዘይት የሻጩን ቃል ብቻ የያዘ ነው፤
4. መስፈርቱ ሳይታወቅ በነባሩ ዘይት ላይ ሌላ አለመጨመር።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የጥቂት ደቂቃ ንባብ ነው። ንባቡ ሲዘለል ግን ጉዳቱ የሚታየው ሸራዎቹ ከተቃጠሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ካምቢዮውን መፍታት እንጂ ዘይት መቀየር መፍትሔ አይሆንም።