የደም ምርመራ ያሳያል?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ትምህርት ቶሎ አይገባውም፤ አይረጋም። ማርገዜን ሳላውቅ አረቄ እጠጣ ነበር። ፊቱ ግን ደህና ነው። በደም ይታወቃል? (እናት፣ ከሆሳዕና)

መልስ፦ እኅታችን፣ አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል፤ አረቄም ሆነ ቦርዴ ያው አልኮል ነው። ይህ ጉዳት በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች ስያሜ አግኝቷል፤ የፊት ምልክቱ፣ ጠባብ ዓይንና ስስ የላይ ከንፈር፣ ግን በአብዛኞቹ ተጎጂዎች ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የፊቱ ደህንነት ብቻውን ያለመጎዳቱ ማረጋገጫ አይሆንም። መጠጣትዎም እንዲሁ ብቻውን የመጎዳቱ ማስረጃ አይደለም፤ የመስማት ችግር፣ የአዮዲን እጥረትና የሚጥል በሽታ ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉና አስቀድመው ይጣሩ። እዚያው ሆሳዕና በሚገኘው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ፤ መቼና ምን ያህል እንደጠጡ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፣ ምርመራው በዚህ ቃልዎ ላይ በእጅጉ ይመሠረታልና። እስከዚያው ትእዛዝ ሲሰጡት አንድ በአንድ፣ በአጭሩ ይሁን፤ ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።