ሜዳው ከበሩ ምን ያህል ይርቃል?

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እንጦጦ ላይ ፓርክ ተሠርቷል፤ መንገዱ አምሯል፤ እሑድ እሑድ ሕዝቡ ይጎርፍበታል። ታዲያ የየካ ክፍለ ከተማ ሰው መዝናኛ አጥቷል የሚሉት ከምን ተነሥተው ነው?

አዛውንቱ፦ አጥቷል አላልኩም ልጄ፤ ርቆታል ነው ያልኩት። ሁለቱ አይምታቱብሽ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ጥሩ ሥራ ነው። የእግር መንገዱ፣ በዛፉ መሐል ያለው ማረፊያ፣ ከላይ ሆነው ቁልቁል ከተማውን የሚያዩበት ቦታ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከኮተቤ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሦስት ልጆች ይዞ ለመውጣት መጀመሪያ የትራንስፖርት ሒሳብ ይመጣል፤ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ በገመድ መንሸራተቱም፣ የፈረስ ግልቢያውም፣ ትንንሾቹን መኪናዎች መንዳቱም በዋጋ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ እንደ ክት ልብስ ነው፤ በዓመት ጥቂት ቀን ይለበሳል። ዘወትር የሚለበሰውስ የታለ? የአንድ ሰፈር መዝናኛ በስፋቱና በውበቱ አይለካም። የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን፣ ሳንቲም ሳይዝ፣ በእግሩ ደርሶበት ሳይመሽ ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል ወይ? እኔ የምከራከረው በዚህ ሚዛን ነው።

ወጣቷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የጠገበ ሰው ክርክር አይመስልም? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ የቤት ኪራይ ደመወዝ በሚጨርስበት ሰፈር ስለ ሜዳና ስለ ትያትር ማውራት ይከብዳል።

አዛውንቱ፦ ይከብዳል፤ ግን ይህች ከተማ ራሷ እንዴት እንደተወለደች አስቢ። ምኒልክ እንጦጦን የመረጡት ለምሽግ የሚመች፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ከፍታ ስለሆነ ነው። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱና ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ማገዶውም እየተመናመነ ሄደ። የቤተ መንግሥቱ ሰው እየወረደ ፍልውሃ መታጠብ ለመደ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ ከተማው በልቡ ቁልቁል ወርዶ ነበር። እርግጥ ነው፣ መናገሻውን ያወረደው ፍልውሃው ብቻ አይደለም፤ ብርዱም ማገዶውም ድርሻ አላቸው። ይሁንና ሰው ዘና ብሎ የሚውልበት ሥፍራ ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ቢሆን ኖሮ፣ የመንግሥት መቀመጫ በእሱ ምክንያት ባልተሳበ ነበር። ደግሞም ሜዳና ውኃ እንደ ጠላት የሚሻሙ አይደሉም። የቧንቧ መስመር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የሰፈር ሜዳ በአብዛኛው የሚፈልገው መሬቱን እንዳይነኩት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ጎብኚው ጥላው ሥር የሚያርፍበት ባሕር ዛፍ ለሽርሽር አልተተከለም። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በምኒልክ ዘመን የገባው የማገዶ ችግር ከተማይቱን ሊያስነቅላት ስለደረሰ ነው። ለብዙ ዘመን በእንጦጦ ቁልቁለት አብዝተው የሚመላለሱት በጀርባቸው ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ነበሩ። ተራራው ለእነሱ የሥራ ቦታ ነበር። ለነዋሪው መዝናኛ እናቅድ ስንል ነዋሪው ማን እንደሆነ ካልጠየቅን፣ እነዚያ እናቶችና ልጆቻቸው ከሒሳቡ ይወድቃሉ።

ወጣቷ፦ መሬቱን እንዳይነኩት አሉ፤ ችግሩ እኮ እዚያው ላይ ነው። በዚህ የሊዝ ዋጋ ባዶ ሜዳ ማስቀመጥ ሕንፃ የሚቆምበትን ካሬ ማባከን ነው የሚሉ አሉ።

አዛውንቱ፦ ባዶ የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተው። ለቀበናና ለፈረንሳይ ሰው በእግር የሚደረሰውን ጃን ሜዳን ውሰጂ። እዚያ ሜዳ ላይ የፈረስ ጉግስ ተካሂዷል፤ የገና ጨዋታ ተጫውተውበታል፤ አገር አቋራጭ ሩጫ ተሮጦበታል፤ ጠዋት ጠዋት ኳስና ስፖርት አለ፤ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ታቦታቱ ያድሩበታል። አንድ መሬት ይህን ሁሉ ሊያስተናግድ የቻለው ምንም ስላልተሠራበት ነው። ስታዲየም ቢሆን ለጥምቀት አይመችም፤ አዳራሽ ቢሆን ፈረስ አይገባበትም። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በዚያው ዓመት ኮሮና መጣና የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በሽታ ለመከላከል የተወሰደ እርምጃ ስለሆነ ያኔ ማንም በውሳኔው አይፈረድበትም። ኋላ ግን በዓሉ ሲቃረብ ሜዳው ይለቀቅልን የሚለው ድምፅ በረታ፤ ገበያውም ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሰው ባዶ ለሚባል መሬት እንደዚያ አይጮኽም።

የዋጋውን ነገር ደግሞ በሕግ እንየው። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ ሜዳ ሲጠፋ ባለርስት ሸጦት አይደለም፤ በአስተዳደር ውሳኔ ነው። በውሳኔ የሚጠፋ ነገር በውሳኔ ሊቆይ ይችላል። በአንዳንድ አገር ከተሞች ለመናፈሻ ብለው ቤት ገዝተው ያፈርሳሉ፤ እኛ ያን ወጪ የሚያስቀር ሕግ ይዘን ዋጋው አልቻለንም ማለታችን ግራ ያጋባኛል።

ወጣቷ፦ ሜዳውን ተቀበልኩ እንበል። ኪነ ጥበቡስ? ትያትር የፈለገ ብሔራዊ ይሂድ፤ አገር ፍቅርም አለ።

አዛውንቱ፦ አገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ በ1948 ተከፈቱ፤ ሁለቱም የሚገኙት መሐል ከተማ ነው። ሲሠሩ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፤ አሁን ግን ከካራ ተነሥቶ ለገሃር ደርሶ፣ ትያትር አይቶ በምሽት ታክሲ ፍለጋ መገናኛ ላይ መሰለፍን አስቢው። ትኬቱን የሚያስወድደው ትራንስፖርቱ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ከተመልካችነት አልፎ ሠሪ የሚሆነው በሰፈሩ ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድን ነበር። አንድ አዳራሽ፣ ጥቂት የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከሥራና ከትምህርት መልስ የሚለማመዱ ወጣቶች፤ ሌላ ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ ተነሥተው ወደ ትልልቆቹ መድረኮች የዘለቁ ድምፃውያንና ተዋንያን ብዙ ናቸው።

ወጣቷ፦ የቀበሌ ኪነት እኮ የፖለቲካ መሣሪያ ነበር። መፈክር ማስዘመሪያ።

አዛውንቱ፦ ነበር፤ አልክድም። የግጥሙ ጉዳይ ከላይ የሚታዘዝ፣ መድረኩም የስብሰባ ማሟሟቂያ ነበር። ከትዕዛዙ ጋር አዳራሹንም አብሮ መጣል ግን ሌላ ስሕተት ነው። ወጣቱ በሰፈሩ መሣሪያ የሚነካበት፣ ስሕተቱን የሚያርምለት ታላቅ የሚያገኝበት ቦታ ማንም ያቋቁመው ጠቃሚ ነው። ዛሬ የሚቀረው ጥያቄ ይዘቱን ማን ይወስናል የሚለው ነው፤ መልሱም ተጫዋቾቹ ራሳቸው መሆን አለባቸው። የካ ደግሞ ለመድረክ የሚሆን የራሱ ታሪክ አለው። የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይመልሰዋል፤ የጥንታዊ ሕንፃ አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ይህ ክርክር ብቻውን ለአንድ የትምህርት ቤት ክበብ የዓመት ሥራ ይሆናል።

ወጣቷ፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለእያንዳንዱ ሰፈር ሜዳና አዳራሽ ቢባል በጀት አይበቃም።

አዛውንቱ፦ ለሁሉ ግንብ ካሰብሽ አይበቃም። ግን መንገድ ለሰው የተባለውን አስታውሺ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር በወር አንድ እሑድ አስፋልቱ ለመኪና ተዘጋ፤ ልጆች ብስክሌት ነዱ፤ ትልልቆቹ ስፖርት ሠሩ። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ይህን ከሃምሳ ዓመት በፊት ጀምራ በየሳምንቱ ታደርገዋለች። ወጪው ማገጃውና የትራፊክ ፖሊሱ ናቸው ብትይ ከእውነቱ ብዙ አትርቂም። ትልልቁ ጎዳና ቀርቶ በየሰፈሩ አንድ አንድ የውስጥ መንገድ እሑድ ጠዋት ቢዘጋ፣ ኮተቤም ቀበናም ሜዳ አገኘ ማለት ነው። ትራፊክ ይጨናነቃል የሚለው ተቃውሞ ለዋናው መንገድ ይሠራል፤ ለኮብልስቶኑ መንገድ አይሠራም።

አዳራሹን በተመለከተ እድር አለልሽ። ድንኳን አለው፤ ወንበርና አግዳሚ አለው፤ ዕቃ ቤትና ዕቃውን የሚቆጣጠር ሰው አለው፤ አንዳንዱ የራሱ ግቢ አለው። ይህ ሁሉ ለቅሶ በሌለበት ቀን ተቆልፎበት ይውላል።

ወጣቷ፦ ለለቅሶ የተገዛ ድንኳን ለትያትርና ለዘፈን ሊፈቅዱ? አባላቱ ነውር ነው ቢሉስ?

አዛውንቱ፦ የሚሉ አይጠፉም፤ ምክንያትም አላቸው። ድንኳኑ በጨዋታ ቀን ቢቀደድና በማግስቱ ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል? ስለዚህ መጀመር ያለበት ከኪራይና ከካሳ ነው፤ ወጣቶቹ የሚከፍሉት አነስተኛ ኪራይ፣ ዕቃ ቢጎድል የሚተካ ዋስ፣ ለቅሶ ከተሰማ ዝግጅቱ ወዲያው እንዲነሣ የሚያዝ አንቀጽ። እድር መተዳደሪያ ደንቡን የሚያሻሽለው በጠቅላላ ጉባኤ ነው። ደንቡን ከጸሐፊው ተውሰሽ አንብቢውና አንቀጹን ጽፈሽ አምጪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።